ልጅ ኢያሱ፦ አንድ እስረኛ፣ ሁለት እስር ቤት

ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ይዘን መጥተናል። ቡናችሁን ቀድታችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ስለ ልጅ ኢያሱ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የሃይማኖታቸው ጉዳይ፣ ከሥልጣን መውረዳቸውና የሰገሌ ጦርነት ነው። እሳቸው ግን አገር የመሩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ታስረው የኖሩት ወደ 15 ዓመት ይጠጋል። ከዕድሜያቸው ከሲሶ በላይ ማለት ነው።

ይሄን 15 ዓመት ደግሞ አንድ ቦታ አልጨረሱትም። 11 ዓመቱን ፍቼ፣ የቀረውን ጋራ ሙለታ ነው ያሳለፉት። ሰውየው ያው አንድ ሰው ናቸው፣ የተከሰሱበትም ነገር ያው ነው። ኑሯቸው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ፈጽሞ ተለወጠ። ለምን ተለወጠ? ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

ጢቾ፣ ሮቤ፣ አሰላ ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ ነገሩ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘው አንድ ቤተሰብ አለ፣ እሱንም እናነሳዋለን።

▪ ግድግዳ ከመኖሩ በፊት

ዛሬ እስር ቤት ሲባል አእምሯችን ላይ የሚመጣው አጥር፣ ቆርቆሮ፣ የብረት በርና ማማ ላይ የቆመ ዘብ ነው። ድሮ ግን አብዛኛው ሰው የሚታሰረው በግድግዳ አልነበረም። የሚታሰረው በሰው ነበር።

ቁራኛ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሞ ከቤት መውጣት ያቃተውን ሰው የአልጋ ቁራኛ ሆነ እንላለን። ቃሉ የመጣው ከድሮው የፍርድ ሥርዓት ነው። ተበዳሪና አበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዳሉ። አንዱ ሲበላ ሌላው አጠገቡ ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላውም እዚያው ነው። ከሳሹ ራሱ ዘበኛ ይሆናል፣ ተከሳሹም እስር ቤቱን ይዞ ይዞራል።

እስቲ አስቡት። በዚህ ሥርዓት የታሳሪው ውሎ የሚወሰነው ባሰረው ሰው ጠባይ ነው። ቁራኛህ ቸር ከሆነ ጥላ ሥር አረፍ ትላለህ፣ ውሃም ትጠጣለህ። ክፉ ከሆነ ፀሐይ ላይ ያውልሃል።

ይሄን ሥርዓት ለማሻሻል ከሞከሩት መሪዎች አንዱ ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። በአጭር የሥልጣን ዘመናቸው ቁራኛ ላይ ለውጥ አድርገዋል። ሕፃን ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ የሚጠቁምበትን የሌባሻይ ልማድም ለማስቀረት ሞክረዋል። ትርንቡሌ የሚባለው የአዲስ አበባ የከተማ ፖሊስም የተቋቋመው በእሳቸው ጊዜ ነው። ማን ሰው ያስራል፣ እንዴትስ ያስራል የሚለው ጥያቄ ገና ሳይታሰሩ በፊት ያሳሰባቸው ነገር ነበር።

▪ አምባው ያው፣ ዕጣው ሌላ

የነገሥታት ቤተሰብ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ የተባሉ ልዑላን የሚቀመጡት አምባ ላይ ነበር። መጀመሪያ ወሎ ውስጥ ያለው አምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ አምባ ወህኒ። ዛሬ ወህኒ ቤት የምንለውም ከዚህ አምባ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

የአምባ እስር ቤት ንድፍ ቀላል ነው። ዙሪያው ገደል ነው፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ መውጫው ላይ ዘብ ይቆማል። ተፈጥሮ ግድግዳ ስለሆነ ከላይ ያለው ሰው እጁና እግሩ ሳይታሰር መዋል ይችላል። ቤት ሊሠራ፣ ሊማር፣ ሊያገባም ይችላል። ግን ይሄ ሁሉ የሚሆነው ንጉሡ ከፈቀደ ብቻ ነው።

መቅደላን ውሰዱ። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ገና ልጅ የነበሩትን ምኒልክን ወሰዷቸው። ምኒልክ እንደ ልጅ ነበር ያደጉት። ተማሩ፣ የንጉሡን ሴት ልጅ አልጣሽንም አገቡ። ወደ 10 ዓመት ገደማ ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። በዚያው አምባ የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅም ታስሮ ነበር። ምኒልክ አምልጠው ወርቂት ዘንድ መጠጋታቸው ሲሰማ ቴዎድሮስ በንዴት ያንን ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ።

አምባው አንድ ነው፣ ገደሉም አንድ ነው። አንዱ እስረኛ አማች ሆነ፣ ሌላው በሰው ጥፋት ሕይወቱን አጣ። ልዩነቱን ያመጣው የአምባው አሠራር ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ሰው ስሜት ነው።

ከምኒልክ ጋር ወደ መቅደላ ከተወሰዱት መካከል አጎታቸው ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። አዎ፣ እኚያው ራስ ዳርጌ። አርሲ ውስጥ ይሄ ስም ዛሬም ቁስል ይነካል። የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት የተዋጋው በእሳቸው ከተመራው የሸዋ ጦር ጋር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይም ብዙ ሕዝብ አልቋል። ሄጦሳ ላይ የቆመው የአኖሌ ሐውልት የሚያስታውሰው ያንን ዘመን ነው። ራስ ዳርጌ ከዚያ በኋላ አርሲን ገዙ። ከአርሲ ሌላ ሰላሌም የእሳቸው ግዛት ነበር።

የራስ ዳርጌ ልጅ ወይዘሮ ትሰሜ ይባላሉ። የእሳቸው ልጅ ደግሞ ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። ልጅ ኢያሱን ፍቼ ላይ 11 ዓመት የጠበቁት እኚህ ራስ ካሣ ናቸው። እኛ አገር በጭካኔ የሚታወስ ቤት፣ እዚያ ማዶ በገርነት የሚታወስ እስር ቤት ሆነ። ይሄን ያዙት፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

▪ ከቤተ መንግሥት እስከ ሰንሰለት

ልጅ ኢያሱ የተወለዱት ወሎ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የአፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባታቸው ራስ ሚካኤል ደግሞ የወሎ ገዥ ናቸው። ራስ ሚካኤል በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ክርስትና የተነሱ ሰው ናቸው።

አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው በ1901 ዓ.ም. ይሄን የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ልጁ ገና ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። እሳቸው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀሩ። ምኒልክም በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭኑ ልጅ እንደተባሉ ቀሩ።

የእሳቸው ትልቁ ጠባይ አንድ ቦታ አለመቀመጥ ነበር። አዲስ አበባን አይወዷትም። ወሎ ናቸው ሲባል አፋር ይገኛሉ፣ አፋር ናቸው ሲባል ሐረር። ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት መኳንንት ለፊርማ እንኳ ሊያገኟቸው ይቸገሩ ነበር። ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር መቀራረባቸውና በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ማዘንበላቸው በሸዋ መኳንንትም በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ኤምባሲዎችም ዘንድ ጠላት አበዛባቸው። በ1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከሐረር ግዛታቸው ሲያነሱ ነገሩ ተካረረ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሐረር በነበሩበት ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል ተብለው ተወገዙ። አክስታቸው ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ብዙም ሳይቆዩ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ኢያሱ ከአራት ዓመት በላይ ሸሹ። አፋር በረሃ ገቡ፣ መቅደላ ላይ ተከበው ነበር፣ እንደገና ወደ አፋር፣ በኋላም ወደ ትግራይ። ጥር 3 ቀን 1913 ዓ.ም. በትግራዩ ገዥ በጉግሣ አርአያ ሥላሴ እጅ ወደቁ። ዕድሜያቸው በሃያዎቹ ውስጥ ነበር።

ስንት ዓመት እንደሚታሰሩ የተቆረጠ ቀን አልነበረም። የታሰሩት አልጋ ወራሽ ስለነበሩ ነው። እውነትም የአልጋ ቁራኛ ሆኑ።

▪ ፍቼ፦ ዘመድ የያዘው እስር ቤት

አሁን ጥያቄው የት ይቀመጡ የሚል ሆነ። ንግሥት ዘውዲቱ ወደ ቤተ መንግሥት አምጡልኝ አሉ። ይሄን ስትሰሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢያሱ በሥልጣን ዘመናቸው አክስታቸውን ከአዲስ አበባ አርቀው ፈሌ አስቀምጠዋቸው ነበር። በግዞት መኖር ምን እንደሆነ ዘውዲቱ ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ያሳዘናቸው ግን የወንድም ልጅ ያህል የሚያዩት የእህታቸው ልጅ ተወግዞ መቅረቱ ነው። አጠገባቸው አድርገው ወደ ሃይማኖቱ ሊመልሱት ነበር ምኞታቸው።

ራስ ተፈሪና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በጭራሽ አይሆንም አሉ። ከሥልጣን የወረደ መሪ ከዙፋኑ ሥር ማስቀመጥ እሳት ከጭድ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በዚህም ምክንያት ኢያሱ ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጡ።

ፍቼ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ እንደ ጢቾ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስለብስ አገር ነው። ራስ ካሣ ጠባቂ ብቻ አልነበሩም፣ የሥጋ ዘመድ ናቸው። በሃይማኖተኛነታቸውና በእርጋታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። ኢያሱ የተቀመጡትም ለወንበዴ በተሠራ ጨለማ ቤት ውስጥ ሳይሆን በመኳንንት ግቢ ነው።

ዘውዲቱ እስረኛው ምንም እንዳይጎድልባቸው አዘዙ። ራስ ካሣም ትእዛዙን አከበሩ። ምግቡ፣ መጠጡ፣ ልብሱ፣ አገልጋዩ ሁሉ እንደ ልዑል ነበር። በወርቅ ሰንሰለት ነው የታሰሩት የሚለው ወሬም የተነሳው ከዚህ የተነሳ ይመስላል። ወርቅም ሁን ብረት፣ ወሬው ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ሕዝቡ ይሄን እስር እንደ ተራ እስር አላየውም።

ግን ምቾት ነፃነት አይደለም። አዲስ አበባ ጠበበችኝ ብለው አገር ለአገር ሲዞሩ የኖሩ ሰው አሁን አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የሚመጣው ምግብ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው ግን የሌላ ሰው ፈቃድ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ዓመት አለፈ።

የጥበቃውን ዓይነት አስተውሉት። ጠባቂው እስረኛውን በስም ያውቃቸዋል፣ ቅርባቸው ነው፣ ያናግራቸዋል። ገደል የለም፣ ትልቅ ግንብም የለም። እስረኛውን የያዘው ዝምድናና መከባበር ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ዘብ። ይሄ አያያዝ 11 ዓመት ሙሉ ሠርቷል። ያለ ደም፣ ያለ ረሃብ።

▪ ንግሥቲቱ ሲሞቱ

መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ለፍቼው እስረኛ ይሄ ምን ማለት ነው? ምንም ይጉደልበት እንዳይባል ያዘዘችው አፍ ተዘጋች ማለት ነው። ሕግ ቢሆን ኖሮ ንግሥቲቱ ብትሞትም ሕጉ ይቀጥል ነበር። የጽሑፍ ደንብ አልነበረም። የነበረው የአንዲት አክስት ርኅራኄ ነው፣ እሱም አብሯት ተቀበረ። ከዚያ በኋላ የኢያሱ እስር እየከበደ መሄዱ በሰፊው የሚታመን ነገር ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1924 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አገር የሚያናውጥ ወሬ ተሰማ። ልጅ ኢያሱ አመለጡ! የሴት ልብስ ለብሰው ነው የወጡት የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ በሰፊው ይነገራል። ከጀርባው ነበሩ የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ነፃነቱ ግን ብዙ አልቆየም፣ ወዲያው ተያዙ። ራስ ኃይሉም ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ፣ ሀብታቸው ተወረሰ።

አሁን ሰከን ብለን እናስብ። ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ፣ ኢያሱም ከፍቼ አመለጡ። ሁለቱም የተያዙት ለቀቅ ባለ ጥበቃ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ገር አያያዝ ማለት ለማምለጥ በር መክፈት ነው ቢል ይሄን ማስረጃ ያቀርባል። ቀላል ክርክር አይደለም። ግን ሌላውንም ጎን እዩት። ፍቼ ላይ ኢያሱ ከማምለጣቸው በፊት 11 ዓመት ተቀምጠዋል። ያመለጡት ርኅራኄው በነበረበት ዘመን ሳይሆን ርኅራኄው ካበቃ በኋላ ነው። መፈቻ ቀን የሌለው፣ ተስፋም የሌለው እስረኛ ከመሸሽ ሌላ ምን ይጠብቃል?

▪ ጋራ ሙለታ፦ ተራራው ግድግዳ ሲሆን

ከተያዙ በኋላ ወደ ራስ ካሣ አልተመለሱም። የተወሰዱት ወደ ሐረርጌ፣ ጉራዋ አካባቢ ወዳለው ጋራ ሙለታ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በተራራው ጎን ላይ ባለ ምሽግ ውስጥ አስቀመጧቸው።

እዚህ ንድፉም ጥበቃውም አንድ ላይ ተቀየረ።

መጀመሪያ ርቀቱ። ፍቼ ለወሎም ለጎጃምም ለአዲስ አበባም ቅርብ ነው። ጋራ ሙለታ ግን ከወሎ ሰው በእግርና በበቅሎ ተነስቶ ሊጠይቅ ቢል ስንት ቀን ነው? ስንት በረሃ ነው? አጥር ሳያስፈልግ ርቀቱ ብቻ ጠያቂን ያስቀራል።

ሁለተኛ ቦታው። ሐረርጌ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የትውልድ አገርና የአባታቸው የራስ መኰንን ግዛት ነው። ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. ተፈሪን ያነሱት ከዚሁ ግዛት ነበር። አሁን ወደዚያው ግዛት እስረኛ ሆነው ተመለሱ።

ሦስተኛ ጠባቂው። ከእንግዲህ ወዲህ ዘብ የቆሙት ዘመዶች አይደሉም፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ የሆኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሥራቸውም እስረኛው እንዳይወጣ ማድረግ ነው፣ ሌላ ነገር አይጠየቁም። እንደ ራስ ካሣ የንግሥት ትእዛዝና የዝምድና ይሉኝታ የለባቸውም።

ሰው የሚኖረው በእንጀራ ብቻ አይደለም። የሚያውቀው ፊት፣ ስሙን የሚጠራው ሰው፣ ወሬ የሚነግረው ጠያቂ ያስፈልገዋል። ፍቼ ላይ ይሄ ነበር። ጋራ ሙለታ ላይ ተቆረጠ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖሩ።

▪ የመጨረሻው ኅዳር

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያንን ለመከፋፈል ያላነሱት ነገር አልነበረም፣ የኢያሱንም ስም አነሱ። ከአውሮፕላን በበተኑት ወረቀት እውነተኛው ንጉሥ ኢያሱ ናቸው፣ በኃይለ ሥላሴ ላይ ተነሱ እያሉ ሰበኩ። ጦሩ በኦጋዴን በኩል ወደ ሐረርጌ ሊመጣ ይችላል። ጋራ ሙለታ ላይ ያለው እስረኛ በጠላት እጅ ከወደቀ ምን ይሆናል የሚለው ስጋት ለቤተ መንግሥቱ እውነተኛ ስጋት ነበር።

በዚያው በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ ሞት ተሰማ። ዕድሜያቸው 40 ገደማ ነበር። በሕመም ነው የሞቱት የሚሉ አሉ፣ በትእዛዝ ተገደሉ የሚሉ አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፣ የመቃብራቸውም ቦታ እንዲሁ ያከራክራል።

ማንም ቢከራከር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። የሚጠይቃቸው ሰው፣ የሚያያቸው ሐኪም፣ ጉዳያቸውን የሚይዝ ዳኛ ቢኖር ኖሮ እንዴት እንደሞቱ ይታወቅ ነበር። ማንም በማይገባበት ቦታ የታሰረ ሰው ሲሞት ሞቱም አብሮ ይታሰራል።

▪ ታዲያ ከግንቡና ከጠባቂው የቱ ይበልጣል?

በዘውዲቱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥም ሌላ ዓይነት እስር ቤት ተሠርቶ ነበር፤ ዓለም በቃኝ። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ክፍሎቹ ሁሉ መሐል ላይ ወዳለው ግቢ የሚያዩ ሕንፃ። ሐሳቡ ጥቂት ዘብ ብዙ እስረኛ በአንድ ጊዜ እንዲያይ ነው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያቀረበውም ዝነኛ ንድፍ ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው። እስረኛው ሁልጊዜ የሚታይ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አርፎ ይቀመጣል የሚል ነው። ዓለም በቃኝ በንጉሡም፣ በጣሊያንም፣ በደርግም ጊዜ አገልግሏል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳዎቹ የተገደሉትም እዚያው ነው። ሕንፃው ፈርሶ ዛሬ በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። አንድ ሕንፃ፣ የተለያየ መንግሥት። የእስረኛው ዕጣ ግን የሚለዋወጠው በሕንፃው ሳይሆን በያዘው መንግሥት ነበር።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ነገር ሞከሩ። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ የብረት በር የሚለውን ትተው እስረኞች በትንንሽ ቡድን የሚኖሩባቸው አዳራሾች ሠሩ። ዋርድያውን ከመስታወት ጀርባ አውጥተው እዚያው ከእስረኞቹ ጋር አዋሉት። በስም ያውቃቸዋል፣ ጠብ ከመነሳቱ በፊት ይሰማል። ይሄ በሚገባ የተተገበረባቸው ቦታዎች ላይ ጠብና የንብረት ውድመት መቀነሱ ታይቷል። አዳራሹን ሠርተው ዋርድያውን ያላሠለጠኑት ግን ያንን ውጤት አላገኙም። ከራስ ካሣ ግቢ ጋር ያለውን መመሳሰል አያችሁት? ቅርብ መሆን፣ በስም ማወቅ፣ ማነጋገር።

ግን ራስ ካሣ ጋ ያልነበረ አንድ ነገር አለ። ደንብ።

ቅድም ያዙት ያልናችሁን ነገር እዚህ ላይ አምጡት። የራስ ዳርጌ ቤት ለአርሲ ገበሬ የነበረው ፊትና ለልጅ ኢያሱ የነበረው ፊት አንድ አይደለም። ኢያሱ በክብር የተያዙት ልዑል ስለሆኑ፣ ዘመድ ስለሆኑ፣ አክስታቸው ንግሥት ስለሆነች ነው። በዚያው ዘመን በሰንሰለት የተያዘ ተራ ሰው ንግሥት አክስት የለውም። እንደ ቁራኛው ዘመን በጠባቂው ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቸርነት ለዘመድ ብቻ ከሆነ መብት አይባልም።

ዛሬ ቢያንስ በወረቀት ላይ ደንቡ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይደነግጋል። የመንግሥታቱ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም አሉ። ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ ለተከታታይ ከ15 ቀን በላይ ማቆየትን ይከለክላሉ። ደንቦቹ በስሙ የተጠሩለት ሰው 27 ዓመት የታሰረ፣ ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ መጥቶ የሠለጠነ ሰው ነው።

ዝርዝሩን ስታነቡት ኢያሱ ጋራ ሙለታ ላይ ያጡት ነገር ሁሉ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጠያቂ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ቄስ።

ወረቀቱን ሥጋ የሚያለብሰው ግን በየቀኑ በር ላይ ያለው ሰው ነው። ጢቾም ሁን አሰላ፣ ዘመድ ታስሮበት ስንቅ ያቀበለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። አንዱ ዋርድያ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ፣ እናት ደህና ነው፣ አይዞዎት ብሎ ያስገባል። ሌላው ፀሐይ ላይ አቁሞ ያመላልሳል። በሩ ያው በር ነው። ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው፤ ቆጠራ ሲደረግ በስም መጠራትና በስድብ መጠራት አንድ አይደለም። ክፍሉን የሚመራው ካቦ ፍትሐዊ ሲሆንና ጉልበተኛ ሲሆን ሌሊቱ አንድ አይሆንም። ጥሩ ዋርድያ ሲገጥመን እናመሰግናለን፣ ማመስገንም ይገባል። ነገር ግን ጥሩው ዋርድያ ነገ ተረኛ ላይሆን ይችላል። የእናትየዋ ስንቅ በማንም ተረኛ ቀን መግባት አለበት።

ልጅ ኢያሱ ሁለት እስር ቤት አይተዋል። አንዱን ያቆመው የአክስት ፍቅር ነበር፣ አክስት ስትሞት ፈረሰ። ሌላውን ያቆመው ፍርሃት ነበር፣ እሱም መጨረሻቸው ሆነ። በሁለቱም ውስጥ ያልነበረው፣ ማንም ሲሞትና ማንም ሲሾም የማይለወጥ ሕግ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የእስረኛን ኑሮ የበለጠ የሚቀይረው ሕንፃው ነው ወይስ ጠባቂው? ኮሜንት ላይ ሐሳባችሁን ጻፉልን። ለወዳጅ ዘመድም አጋሩት።